ቢላል ዕዳ የነበረበት ሌሊት





ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) ሲባል ሁላችሁም ሁለት ነገር ታስታውሳላችሁ፤ መካ ላይ ደረቱ ላይ የተጫነውን ድንጋይና መዲና ላይ ያሰማውን አዛን። ዛሬ የምናወራችሁ ብዙም ስለማይነሳው የሕይወቱ ክፍል ነው። ቢላል ዕዳ ነበረበት። የመክፈያው ቀን ደርሶ በእጁ ምንም አልነበረም። ከአበዳሪው ለመሸሽ ጫማውን ራስጌው አስቀምጦ የተኛበት ሌሊት አለ።

ይህን ታሪክ ያነሳነው የብዙዎቻችን ቤት ስለሚያውቀው ነው። ከሰኮሩ እስከ ጅማ፣ ከዚያም አልፎ እስከ አጋሮና ሊሙ፣ ወጪው በየቀኑ ነው፤ ዋናው ገቢ ግን የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ቡና ሲለቀም ነው። መሀል ያሉትን ወራት የሚያሻግረው ዱቤ ነው። ክረምት ላይ ከሱቅ ዘይትና ሳሙና፣ መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሰው ሲታመም ከጎረቤት የመድኃኒት ገንዘብ። እያንዳንዱ ሲወሰድ ትንሽ ነው። ቡናው ሲደርስ ግን ሁሉም ባለገንዘብ በአንድ ሳምንት በር ያንኳኳል። ደመወዝተኛውም ቢሆን ደመወዙ ሳይወጣ ግማሹ የባለሱቁ መሆኑን ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ቢላል እንመለስ። ዘሩ ከሐበሻ ነው፤ እናቱ ሐማማ ትባላለች። መካ ውስጥ የኡመያ ኢብን ኸለፍ ባሪያ ነበር። እስልምናን ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ በመሆኑ ኡመያ በቀትር ፀሐይ ወደ ጋለው አሸዋ እያወጣ ያንጋልለው፣ ትልቅ ድንጋይም ደረቱ ላይ ያስጭንበት ነበር። ቢላል የአላህን አንድነት ከመመስከር በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። በመጨረሻ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነፃ አወጣው። ወደ መዲና ተሰደደ፤ የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ሆነ። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በበድር ዘመተ፤ ኡመያም በዚያው ዕለት ተገደለ።

መዲና ላይ ግን ቢላል ከአዛን ሌላ አንድ ሥራ ነበረው። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የቤትና የእንግዳ ወጪ በእርሱ እጅ ነበር። ይህን የነገረን ራሱ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ከተለዩ በኋላ ዐብዱላህ አል-ሀውዘኒ የተባለ ሰው ሐለብ ከተማ ላይ አገኘውና የረሱል ወጪ እንዴት ይሸፈን እንደነበር ጠየቀው። የመለሰለትን ኢማም አቡ ዳውድ በሱነናቸው መዝግበውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸው ላይ የሚያድር ገንዘብ አልነበራቸውም። የሚለብሰው የሌለው ሙስሊም ሲመጣ ቢላልን ያዙታል፤ እርሱም ሄዶ ይበደርና ልብስ ገዝቶ ያለብሰዋል፣ ያበላዋል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ። ልክ እንደ እኛ የሱቅ ዱቤ፣ ዕዳው ጥቂት በጥቂት አደገ።

አንድ ቀን ከሙሽሪኮቹ አንድ ባለሀብት ቢላልን አገኘው። ገንዘብ እንደተረፈው ነግሮ፣ ከእንግዲህ ከእርሱ በቀር ከማንም እንዳይበደር ጠየቀው። ቢላልም እንደተባለው አደረገ። በየቦታው የነበረው ዕዳ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ገባ። ሲሰጥ ፊቱ ብሩህ የነበረ አበዳሪ ሲጠይቅ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ቢላል ዉዱእ አድርጎ አዛን ሊል ተነስቷል። ያ ሰው ከነጋዴ ጓደኞቹ ጋር መጣ። ገና ሲያየው በስሙ አልጠራውም፤ ሐበሻነቱን ጠርቶ ጮኸበት። ፊቱን አጥቁሮ ከባድ ቃል ተናገረው። ወሩ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቀው። ቢላል መቅረቡን ብቻ ተናገረ። ሰውየው ግን ቆጥሮታል፤ አራት ቀን ነው የቀረው። በአራተኛው ቀን ካልከፈለ በዕዳው እንደሚይዘውና እንደ ድሮው በግ ጠባቂ እንደሚያደርገው ዛተበት።

እስኪ ይህን አስቡት። በአሸዋው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ያልተንበረከከ ሰው ነው። በገንዘብ ተገዝቶ ከባርነት ወጥቷል። አሁን ደግሞ በገንዘብ ምክንያት ወደዚያው ሊመለስ ነው። ያውም በሰው ፊት፣ አዛን ሊል በተነሳበት ሰዓት። ቢላል በልቡ የገባውን ጭንቀት አልደበቀም፤ በሰው ልብ የሚገባው ሁሉ እንደገባበት ተናግሯል። ስለዚህ ዕዳ አስጨንቆት እንቅልፍ ያጣ ሰው ኢማኑ ስለደከመ ነው የሚል ቢኖር ይህን ታሪክ ንገሩት።

ቢላል አዛኑን አላስቀረም። ዒሻ ከተሰገደና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ፈቃድ ጠይቆ ገባ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እርሳቸውም እርሱም የሚከፍሉት እንደሌላቸው፣ ሰውየውም እንደሚያዋርደው ተናገረ። አላህ ለመልእክተኛው መክፈያ እስኪሰጣቸው ድረስ ከሰለሙት ጎሳዎች ወደ አንዱ ሸሽቶ እንዲቆይ እንዲፈቅዱለት ለመናቸው። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ሰይፉን፣ የስንቅ ከረጢቱን፣ ጫማውንና ጋሻውን ራስጌው አስቀመጠ። ጎህ ሲቀድ ሊወጣ ነው።

ጎህ ሲቀድ ግን አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንደሚፈልጉት ነገረው። ሲደርስ አራት ግመሎች ከነጭነታቸው ተንበርክከዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ የዕዳውን መክፈያ እንዳመጣለት አበሠሩት። ግመሎቹን ከነልብሱና ከነእህሉ የላከው ከመዲና በስተሰሜን ያለችው የፈደክ ሹም ነው። ሁሉንም ወስዶ ዕዳውን እንዲከፍል አዘዙት።

ቢላል ልብስና እህል በተጫኑ አራት ግመሎች መሀል ቆሟል። ለራሱም ለሌሎችም የሚያስፈልግ ነገር ነው። መጀመሪያ ያደረገው ግን ዕዳውን መክፈል ነበር። ከፍሎ ሲጨርስ መስጂድ ሄዶ ዕዳው ሁሉ እንዳለቀ ተናገረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተረፈ ነገር እንዳለ ጠየቁት። ጥቂት ተርፏል። እርሱም ለሚገባው ሰው ተሰጥቶ እስኪያልቅ ወደ ቤተሰባቸው እንደማይገቡ ነገሩት። ያን ሌሊት የሚወስድ ሰው ስላልመጣ በመስጂድ አደሩ። በማግስቱ ዒሻ ላይ ቢላል ማለቁን ሲነግራቸው አላህን አመስግነው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያ ገንዘብ በእጃቸው እያለ ሞት እንዳይመጣባቸው ፈርተው ነበር።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን ምን እንውሰድ?

መጀመሪያ፣ ቢላል ዕዳውን ተናገረ። ሊሸሽ ያሰበውም ተናግሮ ነው፤ ያውም ዕዳውን ሊክድ ሳይሆን መክፈያው እስኪገኝ ነው። የዛሬ ሽሽት ስልክ ማጥፋት ነው። በባለሱቁ በር ላለማለፍ በጓሮ መዞር ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባል ከሚስት፣ ሚስት ከባል የሚደብቁት ዕዳ ነው። ሁለቱ የማያውቁትን ዕዳ ሁለቱ ሊከፍሉት አይችሉም። ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ የማንን፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለውን በአንድ ወረቀት ጻፉ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳና ስለ መጻፉ የሚናገር መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በገባ ቀን ዕዳ ይቅደም። እሸት ቡናውን ወይም ጀንፈሉን የሸጣችሁ ዕለት የእናንተ አራት ግመሎች መጥተዋል ማለት ነው። ገበያው ውስጥ ደግሞ አዲስ ስልክም፣ አዲስ ልብስም፣ የድግስ ወጪም ይጠብቃችኋል። ብሩ ቤት ካደረ በኋላ ለዕዳ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ለብዙዎቻችን የቡናው ገንዘብ ዕዳውን በአንዴ አይጨርስም። የቢላል ዕዳ በአንድ ቀን ተከፈለ፤ በዚያችው መዲና ግን በሪራ (ረ.ዐ) የምትባል ባሪያ ነበረች። ነፃነቷን ለመግዛት ከአሳዳሪዎቿ ጋር የተዋዋለችው በ9 ኡቂያ ብር ነበር፤ በየዓመቱ አንድ፣ ለ9 ዓመት። አንድ ኡቂያ 40 ዲርሃም ነው። በኋላ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁሉንም ከፍላ ነፃ አወጣቻት። በሪራ ግን እርዳታ እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ አስቀድማ ከአቅሟ ጋር የሚሄድ ውል ይዛ ነበር።

እናንተም እንዲሁ አስሉ። ለምሳሌ አንድ ቤት 12,000 ብር ዕዳ አለበት እንበል። ከቡናው ሽያጭ 6,000 ብር ወዲያው ቢከፍል፣ የቀረው 6,000 በወር 500 ብር ሒሳብ በ12 ወር ያልቃል። የሚቀጥለው ቡና ሲደርስ ቤቱ ነፃ ነው። ያ 500 ብር ከጓሮ አቮካዶ፣ ከዶሮ እንቁላል፣ ከቀን ሥራ ወይም ከቀረ ድግስ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር ለባለገንዘቡ አስቀድሞ መንገርና በተባለው ቀን ማድረስ ነው። 500 ካልሞላ 300 ይዞ መሄድ ከመቅረት ይሻላል። አሮጌውን እየከፈሉ አዲስ ዱቤ መክፈት ግን ባልዲው ተቀዶ ውኃ መቅዳት ነው።

ሲጨንቃችሁ ወደ አራጣ አትሂዱ። ሪባ ሐራም ከመሆኑም ሌላ ዕዳን በዕዳ ያራባል። ቡናውንም ገና በአበባው አትሽጡት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ ከነዛፉ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። በአበባው የተሸጠ ቡና የቀጣዩን ዓመት ዕዳ ከወዲሁ የሚወልድ ነው።

ለአበዳሪዎችም አንድ ቃል አለን። በታሪኩ ውስጥ ያ ሰው ያበደረውን መጠየቁ መብቱ ነበር። ክፋቱ ሰውን በሰው ፊት ማዋረዱና ያለፈ ባርነቱን ማንሳቱ ነው። የኛ መንገድ ሌላ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ እንድንጠብቀው አዞናል፤ ብንምረው ደግሞ ለእኛው የተሻለ መሆኑን ነግሮናል። ከዘካ ተቀባዮች ስምንት ክፍሎች አንዱም ዕዳ የከበዳቸው ናቸው። በመስጂዳችሁ ሰፍ አጠገባችሁ የሚቆም፣ አፍሮ የማይናገር ባለዕዳ ይኖራልና ፈልጉት።

ቢላል ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት በካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን አለ። በግ ጠባቂ ትሆናለህ የተባለው ሰው ድምፁ ያኔ ከዚያ ከፍታ ተሰማ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ወደ ሻም ሄደ፤ በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ አካባቢም ደማስቆ ላይ እንዳረፈ ብዙዎቹ የታሪክ ሊቃውንት ይገልጻሉ። ለወራሾቹ የተረፈ ሀብት አይወራለትም። ያቺ ሌሊት ያስጨነቀችው ዕዳ ግን ተከፍላለች።

ያ አላህ፣ ዕዳ የከበዳቸውን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ዕዳቸውን አቅልልላቸው። በሐላልህ አብቃቅተህ ከሐራም አርቀን። የዘንድሮውን ቡና በረካ አድርግልን። የሰው ሐቅ ተሸክመን ወደ አንተ ከመመለስ ጠብቀን። አሚን።

በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማውረድን አትርሱ። ለሚያስፈልገው ሰውም አጋሩት።

ጁሙዓ ሙባረክ!