ቪልሄልም ሺምፐር

ጌዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር (1804 – 1878) ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢና ተመራማሪ ነበር። በ1837 ወደ ትግራይ ገብቶ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ኖረ፤ እዚሁ ትዳር መሠረተ፣ ልጆች ወለደ፣ መሬት ተሰጠው፣ መሬቱንም አጣ፣ በመጨረሻም ዓድዋ ላይ አረፈ። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ የላካቸው የደረቁ ተክሎች ስለ አገሪቱ ዕፅዋት ለተጻፉት ቀደምት የሳይንስ መጻሕፍት ዋና መሠረት ከሆኑት መካከል ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሺምፐር የተወለደው በደቡብ ጀርመን፣ ከኑረንበርግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ላውፍ በምትባል ከተማ ነው። ቤተሰቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች የበዙበት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐር የቅጠሎችን አደራደር ሕግ ያጠና ሲሆን፣ «የበረዶ ዘመን» የሚለውን ስያሜ በ1837 ያወጣ ሰው ነው። የአጎቱ ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ በስትራስቡርግ የታወቀ የሽበት ተክሎች ሊቅ ነበር። የስሞቹ መመሳሰል እስከ ዛሬ ድረስ አንዱን በሌላው ያሳስታል፤ በኢትዮጵያ የኖረው ጌዮርግ ቪልሄልም ነው። እርሱ በሙኒክ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ እንጂ እንደ ዘመዶቹ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አላገኘም። እንጀራውን ያገኘው በጉዞ ነው።

የጉዞ ማኅበሩ

በዚያ ዘመን በኤስሊንገን ከተማ ሐኪሙ ኤርንስት ሽቶይደልና ቄሱ ክርስቲያን ሆህሽቴተር ያቋቋሙት አንድ የጉዞ ማኅበር ነበር። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው። አባላት አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በመዋጮው አንድ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ሰብሳቢው ከአንዱ ተክል ብዙ ቅርንጫፎችን ቆርጦ፣ በወረቀት መካከል አድርቆ፣ የቦታውንና የቀኑን ስም ጽፎ ይልካል፤ ማኅበሩም ለእያንዳንዱ ተክል መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ መግለጫ ወረቀት አሳትሞ ለአባላቱ ያከፋፍላል። በዚህ መንገድ ከአንድ ቁጥቋጦ የተቆረጡ ቅርንጫፎች በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ቤተ መዛግብት ይገባሉ።

ሺምፐር ለዚህ ማኅበር በመጀመሪያ በ1831 ወደ አልጄሪያ ተላከ። ቀጥሎ ከ1834 ጀምሮ በግብፅ፣ በሲና እና በዓረብ ምድር ተክል ሰበሰበ። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል ወደ ደጋው ወጣ፤ በ1837 መጀመሪያም ዓድዋ ደረሰ።

በደጃዝማች ውቤ አገር

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ስሜንንና ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በዓድዋ ይኖሩ የነበሩት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በ1838 ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፣ ሺምፐር ግን ቀረ። በዓድዋ አጠገብ ካለው የሶሎዳ ተራራ ጀምሮ እስከ ስሜን ከፍታዎች ድረስ እየተዘዋወረ ሰበሰበ። በወረቀቶቹ ላይ ዓድዋ፣ ሶሎዳ፣ ደመርኪ፣ እንጨትቃብ፣ ስልኪና ቧሂት በተደጋጋሚ ይገኛሉ። ማኅበሩም የዓድዋ ተክሎችን በመጀመሪያ ክፍል፣ ሌሎቹን በተከታታይ ክፍሎች አድርጎ ከ1840 ጀምሮ አሠራጨ።

በዚያው ጊዜ የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም በኢትዮጵያ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ሐኪሙ ሪሻር ካርታን-ዲሎን በወባ መሰል ንዳድ ሞተ፤ አንቷን ፔቲ ደግሞ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የፓሪሱ የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ1840ዎቹ መጨረሻ ያሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ሟቾችና በሺምፐር ስብስቦች ላይ ነው። ከሦስቱ በሕይወት የተረፈው ሺምፐር ብቻ ነበር።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጉዞ ማኅበሩ ሲፈርስ ሺምፐር ደመወዝ የሚልክለት አጣ። ይሁን እንጂ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ከካቶሊኩ ሚስዮናዊ ከአባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ቀርቦ ወደ ካቶሊክ እምነት ገባ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች አፈራ። ደጃዝማች ውቤም ከዓድዋ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዓዲግራት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውን የእንትጮን አገር እንዲገዛ ሰጡት። በውቤ ግዛት የኖረው ሌላው ጀርመናዊ፣ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር፣ በ1847 የመጣው ሺምፐር እዚህ ከሰፈረ በኋላ ነው። ውቤ በስሜን ካሠሩት ከደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ጋር የሁለቱም ስም ይነሣል።

የእንትጮ መሬት ጠባይ

ሺምፐር ያገኘው መሬት ምን ዓይነት እንደነበረ ለመረዳት የዘመኑን የመሬት ሥርዓት ማስተዋል ያስፈልጋል። በደጋው አገር ሁለት ዓይነት መብት ነበር። አንዱ ርስት ነው። ርስት በትውልድ የሚገኝ መብት ሲሆን፣ ባለቤቱ ከአገሩ አቅኚ አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ወይም በሞጣ አንድ ሰው በርስት ሲካሰስ፣ በዳኛ ፊት ቀርቦ ከራሱ እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ያለውን ትውልድ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጥር ነበር፤ የአገር ሽማግሌዎችም ይመሰክሩለት ነበር። ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ መሬቱን አያገኝም ነበር። ርስት በገዢ መለወጥ አይጠፋም ነበር።

ሁለተኛው ጉልት ነው። ጉልት ገዢ ለሚሾመው ሰው የሚሰጠው፣ ከአገሩ ገበሬ ግብር የመቀበልና የመዳኘት መብት ነበር። ባለ ጉልቱ በሿሚው ፈቃድ ይቆም ነበር፤ ሿሚው ሲወድቅ ሹመቱም አብሮት ሊወድቅ ይችል ነበር። ሺምፐር በአገሩ የሚቆጥረው አቅኚ አባት የሌለው እንግዳ ስለነበረ፣ እንትጮን የያዘው በውቤ ሹመት ነው። የቤተሰቡ ኑሮና የተክል ሥራው ሁለቱም በዚህ ሹመት ላይ ተንጠልጥለው ነበር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እየሰበሰበ ይልክ የነበረውም ባለ አገር ሆኖ ነው።

የውቤ ውድቀት፣ ጋፋትና መቅደላ

በፌብሩዋሪ 1855 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላም ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚያ ለውጥ ሺምፐር እንትጮን አጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ከአውሮፓ ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው ሆኖ ቀረ።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በተክሎቹ ወረቀት ላይ ይነበባሉ። በ1863 የሰበሰባቸው ተክሎች የደብረ ታቦርንና የጋፋትን ስም ይዘዋል። ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ የሚያቀልጡበት ሥፍራ ነበር። ሺምፐር ግን በዚያም ሆኖ የሚሰበስበው ሣርና አበባ ነበር።

በዚያው አሥርት ዓመት ስለ ዓድዋ አካባቢ ተክሎች በጀርመንኛ ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጀ። በጽሑፉ ተክሎቹ የሚበቅሉበትን አፈርና ከፍታ፣ የአገሬው ሰው የሚጠራቸውን ስምና ለምን እንደሚጠቀምባቸው መዝግቧል፤ የአካባቢውን የድንጋይና የአፈር ዓይነት የሚያሳዩ ካርታዎችም ሠርቷል። እንደ ኮሶና ሙሰና ያሉትን የትል መድኃኒቶች ለአውሮፓ ሊቃውንት ካስታወቁት ሰዎችም አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በንጉሠ ነገሥቱና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ፣ ሺምፐር ከአገር መውጣት ካልተፈቀደላቸው አውሮፓውያን መካከል ሆነ። በኤፕሪል 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ከተለቀቁት አንዱ እርሱ ነበር። ዛንደርም ከመቅደላ ወጣ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ሞተ። ሺምፐር ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ቢሆንም ከተለቀቁት ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እርሱ ወደ ዓድዋ ተመለሰ። እዚያም አሥር ዓመት ኖሮ በ1878 አረፈ።

የሕይወቱ መዝገብ

የሺምፐር ታሪክ የሚጠናው እንደ ርስት ክስ በትውልድ ቆጠራ ሳይሆን፣ ዋናውን ድርሻ በተክል ወረቀቶች ነው። አንድ የደረቀ ተክል የተለጠፈበት ወረቀት ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀንና አንዳንድ ጊዜም የቦታውን ከፍታ ይይዛል። ወረቀቶቹ በቀናቸው ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ሰውየው በየትኛው ወር የትኛውን ተራራ እንደወጣ፣ መቼ ከአንዱ ገዢ አገር ወደ ሌላው እንደተሻገረ ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ንባቡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሺምፐር የቦታ ስሞችን የጻፈው በጀርመንኛ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ሶሎዳ በወረቀቱ ላይ «ሾሎዳ» ተብሎ ሲነበብ፣ ቧሂት ደግሞ «ባኺት» ይሆናል። አማርኛም ትግርኛም የማያውቅ አንባቢ አንዱን ቦታ ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከዚህም ሌላ ማኅበሩ ያሳተመው ዓመት ተክሉ የተሠራጨበት ነው እንጂ የተቆረጠበት ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ዓመታት ያልለየ ሰው ሺምፐርን ባልነበረበት ቦታ ያስገኘዋል።

የወረቀቶቹ በብዙ አገር መበተን ኋላ ላይ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በማርች 1943 በበርሊን ዳሌም የሚገኘው የዕፅዋት ቤተ መዘክር በቦምብ ሲቃጠል፣ ከሺምፐር ስብስብ ብዙው አብሮ ነደደ። ከእነዚያ መካከል አዲስ ዝርያ ሲሰየም ዋቢ የተደረጉ ናሙናዎች ነበሩ። ነገር ግን ከአንዱ ቁጥቋጦ የተቆረጡት ሌሎቹ ቅርንጫፎች በለንደን ኪው፣ በፓሪስ፣ በጄኔቭ፣ በቪየናና በሙኒክ ተቀምጠው ስለነበር፣ ሊቃውንት በጠፉት ፋንታ ከእነርሱ ዋቢ መምረጥ ችለዋል።

ስሙን የያዙ ተክሎች

የጉዞ ማኅበሩ መሥራች ሆህሽቴተርና ሌሎች ሊቃውንት ብዙ የኢትዮጵያ ተክሎችን በሺምፐር ስም ሰይመዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለአገሬው ሰው የዘወትር ጎረቤት ናቸው። በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች ለአጥር የሚተከለው ሰንሰል ወይም ስሚዛ በሳይንስ ስሙ «ጀስቲሺያ ሺምፐሪያና» ይባላል። በደጋ የሚበቅለውና በሻይና በወጥ የሚገባው ጦስኝ «ታይመስ ሺምፐሪ» ነው። መርዙ ለቀስት ይቀባ የነበረው መረንዝም «አኮካንቴራ ሺምፐሪ» ተብሏል። ሌሎች ተክሎች ደግሞ የሰብሳቢውን ሳይሆን የቦታውን ስም ይዘዋል። ቅቤ ለማንጠር የሚያገለግለው ኮሰረት «ሊፒያ አዶኤንሲስ» ሲባል፣ ሁለተኛው ቃል «የዓድዋ» ማለት ነው።

በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የመጽሐፍ ሥራ የሺምፐርን ቁጥሮች በተደጋጋሚ ይጠቅሳል። የመጽሐፉ አዘጋጆች ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፉትን የቦታ ስሞች ከዛሬው ካርታ ጋር እያመሳከሩ ተክሎቹ የተገኙበትን ቦታ ለይተዋል። በውቤ ሹመት የተያዘው የእንትጮ መሬት ከውቤ ጋር ቢያልፍም፣ በሶሎዳና በስሜን የተቆረጡት ቅርንጫፎች እስከ ዛሬ የዝርያዎች ዋቢ ሆነው ያገለግላሉ።