ከስደት ተመላሹ የአገር ልጅ፤ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ

በባዕድ ምድር ያደገ ሰው ዕውቀት ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። ፊተኛው የአገሩ ሰው እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚጠራጠረው መሆኑ ነው። ሁለተኛውም እርሱ ራሱ በውጭ አገር ባየው ሥልጣኔ ተመክቶ የወገኑን ልማድ ለመናቅ የሚቃጣ መሆኑ ነው። ሁለቱም ፈተናዎች እንዴት እንደሚሸነፉ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይገልጣል።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ፥ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኰንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እርሱም በሞተ ጊዜ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስለዚህ ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር የሕክምና ትምህርት ፈጽመው፥ በስኮትላንድም ዕውቀታቸውን አስፍተው፥ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ገቡ። ደመወዝና ማዕረግ አገኙ፤ ዳሩ ግን የአባታቸውን ስምና የእናታቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የሆነው የዐድዋ ድል ዝናው በዓለም ሲሰማ ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። አያታቸው በአካላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው፤ ወርቅነህ መባላቸውንም ያን ጊዜ ተረዱ። ነገር ግን ዘመድ ማግኘት ሁሉን አልፈጸመም። አማርኛ የማይናገር፥ የእንግሊዝ ተገዢ የሆነ፥ ኋላም የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆኖ የሚኖር ሰው ቢጠረጠር የሚያስደንቅ አይደለም።

እርሳቸው ግን ለዚህ በቍጣ አልመለሱም፤ በሥራ መለሱ እንጂ። ከበርማ ሥራቸው ጡረታ ወጥተው ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ። በጐልማሳነታቸው የተማሩትን አማርኛ አጥንተው፥ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው ለተማሪዎች ሰጡ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ሳሉ፥ ጥቍር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። የጨርጨር ገዢ በሆኑም ጊዜ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው መንገድ አሠሩ፤ አስተዳደሩንም አሻሻሉ።

ከአገር ተወስዶ የመመለስ ነገር የተማሩትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ1890 ዓ.ም. የከፋ መንግሥት ከተሸነፈ በኋላ ከዚያ አገር ብዙ ሕዝብ በባርነት ተወስዶ በየስፍራው ተበተነ። በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ባሮች ነፃ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ። ዳሩ ግን በሕፃንነቱ ከቦንጋ የተወሰደ ሰው ቢመለስ፥ የከፋን ቋንቋ ረስቶ፥ የአባቱም መሬት በሌላ እጅ ገብቶ ሊያገኘው ይችላል። በልጅነቱ ለተነጠቀ ሰው የነፃነት ወረቀት ብቻ አይበቃውም፤ ትምህርትና የሚቀበለው ወገን ያስፈልገዋል። ሐኪም ወርቅነህም ነፃ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቆም የደከሙት ስለዚህ ነው።

በጠላት ወረራ ዘመን በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በ1929 ዓ.ም. ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በፋሺስት እጅ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ስለ አገር ልጅነታቸው የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ በደም ተጽፎ ነበር። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአገራቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ከውጭ የሚመለሰው ሰው አስቀድሞ የወገኑን ቋንቋና ልማድ ይማር፤ ሹሙም በአነጋገሩና በልብሱ ሳይሆን በሥራው ይመዝነው። አያት የልጅ ልጃቸውን በጠባሳው እንደ ለዩት፥ አገርም ልጁን የሚለይበት ምልክት አያጣም፤ ይኸውም ምልክት የሠራው ሥራ ነው።