በመቅደላና በአክሱም መካከል የነገሡት የዋግ ሰው

የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለድራማ የተመቸ ዘመን ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም "ቴዎድሮስ" የተሰኘ ተውኔት ጽፈውበታል። ዘመኑ በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን ሲተረክ መጋረጃው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው መቅደላ ላይ ነው። ከመቅደላ ማግሥት ዘውድ የጫኑት የዋግ ሰው ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራሉ። እኒህ ሰው ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን፣ በዙፋን ስማቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው።

ዋግሹም የዋግ ገዥዎች የማዕረግ ስም ነው። የዋግ ሹማምንት የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ዙፋን የመቀመጥ ክብር እንደነበራቸውም ይነገራል። ጎበዜ የተወለዱት ከዚህ ቤት ነው። በእናታቸው በኩል ደግሞ ከጎንደር ነገሥታት ወገን ይቆጠሩ ነበር።

አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ በስቅላት ቀጧቸው። ልጅየውም ሸፈቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ኃይል እየሳሳ ሲሄድ ዋግና ላስታ በጎበዜ እጅ ገቡ። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ጎበዜ አገራቸውን አቋርጦ እንዲያልፍ አልከለከሉትም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን ለጦሩ ስንቅና ማጓጓዣ በማቅረብ ረዱት። እንግሊዞችም ሲመለሱ ለካሳ መድፍ፣ ጠመንጃና ጥይት ትተውላቸው ሄዱ። ያ ስጦታ የሁለቱን መኳንንት ዕጣ የሚወስን ሆነ።

በዚያው ዓመት ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ይሁን እንጂ አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ ዐርፈው ነበርና ቅብዐ መንግሥት የሚቀባቸው ጳጳስ አላገኙም። ካሳ በበኩላቸው ከግብፅ አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ነገሩን መራራ ያደረገው ደግሞ ዝምድናው ነው፤ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ድንቅነሽ ምርጫ የካሳ እኅት ነበሩ።

በ1863 ዓ.ም ክረምት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተከዜን ተሻግረው ወደ ትግራይ ዘመቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሠራዊታቸውን እስከ 60,000፣ የካሳን ደግሞ 12,000 ያህል ያደርሱታል። የካሳ ጦር በቁጥር ቢያንስም በአዲስ መሣሪያ የታጠቀ፣ በእንግሊዛዊው ኪርክሃም የሠለጠነ ነበር። በሐምሌ ወር አድዋ አጠገብ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ዓይናቸው ጠፍቶ ታሰሩ፤ ከእስርም ሳይወጡ አረፉ። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

መቅደላ ላይ የሚያበቃ ድራማ ተመልካቹን ከቴዎድሮስ በቀጥታ ወደ ዮሐንስ ያሻግረዋል። በመካከል ያሉት ሦስት ዓመታት ግን የሚያስተምሩት ብዙ ነው፦ አባት የተሰቀለበት ልጅ ዘውድ ጭኗል፣ የሰው ብዛት በዝግጅት ተረትቷል፣ አማቾች በአንድ ዘውድ ተዋግተዋል። ይህን ታሪክ ለመድረክ የሚያበቃ ደራሲ ሰቆጣንና ዋግን ከአገሪቱ ታሪክ ጠርዝ አንሥቶ ወደ መካከሉ ይመልሳቸዋል።