አንቷን ዳባዲ፦ ኢትዮጵያን በዘዌ የለካው ሰው

የሒሳብ ተማሪ ዘዌ ሲባል ትዝ የሚለው ጥቁር ሰሌዳ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ባለፈው ሴሚስተር ለፕሮጀክት ሥራ ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ጭላሎ ፊት ለፊት ከሚታይበት አንድ የስንዴ ማሳ እስክንሄድ ድረስ። ማሳው ጎነ አምስት ነው። ካስማ ተክለን፣ ሲባጎ ወጥረን፣ በትልቁ የሰሌዳ ፕሮትራክተር አምስቱን ውስጣዊ ዘዌዎች ለካንና ደመርን። 495 ዲግሪ መጣ። ቀመሩ ግን ከጎኖቹ ቁጥር 2 ቀንሰህ በ180 አባዛ ነው የሚለው፤ 540 መሆን ነበረበት። 45ቱ ዲግሪ የት ገባ? አንዱ ጓደኛዬ ለእያንዳንዱ ዘዌ 9 ዲግሪ ጨምረን እናስረክብ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የአንቷን ዳባዲን ታሪክ ያነበብኩት። ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ደግሞ አየርላንዳዊት ነበሩ። ያደገው ፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። በመሃል ወጣ ገባ ቢልም እስከ 1848 ድረስ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ እናርያንና ካፋን ሲያስስ ቆየ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። በየአገሩ ሰንሰለት እየጎተቱ ርቀት መለካት የማይታሰብ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ከፍታ ላይ ወጥቶ ቴዎዶላይቱን ይተክልና በዙሪያው የሚታዩትን የተራራ ጫፎች እያነጣጠረ በመካከላቸው ያለውን ዘዌ ይመዘግባል። አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ መነሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ድምሩ 360 ካልሆነ አንዱ ንባብ ተሳስቷል ማለት ነው። የጎነ ብዙ ውጫዊ ዘዌም እኮ ሚስጥሩ ይኸው ነው። በማሳ ዙሪያ የሚሄድ ሰው በየማዕዘኑ የሚታጠፈው ተደምሮ አንድ ሙሉ ዙር፣ 360 ዲግሪ ይሆናል፤ ማሳው ጎነ አምስት ሆነ ጎነ አሥር ለውጥ የለውም።

የሰውየው ሕይወት ግን በልኬት ብቻ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1846 የግቤ ወንዝ ምንጭ ዘንድ ደርሶ የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ አወጀ። ስህተት ነበር። ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይገባም። ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥማ ጭራሽ ካፋ መድረሱንም ተጠራጠረ። እዚህ ላይ ነው እኔን የነካኝ። ዘዌው ልክ ስለሆነ መደምደሚያው ልክ ይሆናል ማለት አይደለም። የዘዌ ድምር የሚፈትነው ዘዌውን ብቻ ነው፤ የጎኖቹን ርዝመት እንኳ አይፈትንም፣ የወንዝ አወራረድማ ከየት መጥቶ!

ዳባዲን ያዳነው ልኬቱን አለመደበቁ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ባሳተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ ሥራው ልኬቶቹን ለማንም እንዲታዩ አድርጎ አወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ስለ ዓባይ ቢሳሳት እንኳ አየሁ፣ ለካሁ ባለው ነገር የሚታመን ሰው መሆኑን መሰከሩለት። እ.ኤ.አ. በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ያረፈው በ1897 ፓሪስ ውስጥ ነው።

እኛስ? ማሳው ድረስ ተመልሰን አንድ በአንድ እንደገና ለካን። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ 68 ብዬ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። የፕሮትራክተሩን ሌላኛውን የቁጥር ረድፍ አንብቤ፣ በውስጣዊው ዘዌ ፈንታ ውጫዊውን መዝግቤያለሁ። ትክክለኛው 112 ነው። ድምሩ 539 ሆነ። የጎደለችውን 1 ዲግሪ የሲባጎና የዓይን ስህተት ናት ብለን እንዳለች ጻፍናት፤ የመጀመሪያውንም 495 አልሰረዝነውም። ያቺን 9 ዲግሪ በየዘዌው ብንጨምር ኖሮ ድምሩ ልክ ሆኖ አምስቱም ዘዌዎች ውሸት ይሆኑ ነበር።