ሰር ሃሪ ሪካርዶ እና የሞተር ቴስታ

ቴስታ የሲሊንደር ክዳን ብቻ መስሎ ይታያል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ብዙ ሞተር ሠሪዎች ከዚህ እምብዛም የራቀ አመለካከት አልነበራቸውም። ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሰር ሃሪ ሪካርዶ ናቸው።

ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1885 በለንደን ተወልደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ስማቸው የታወቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ታንኮች ጢሳቸው ለጠላት ያጋልጣቸው ስለነበር፣ ሪካርዶ ጢሱ አነስተኛ የሆነና 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነደፉ።

በዚያን ዘመን የተለመደው ርካሽ ሞተር ቫልቮቹ የተተከሉት በቴስታው ሳይሆን በሲሊንደሩ ጎን በብሎኩ ላይ ነበር። የመቃጠያው ክፍል ከፒስቶኑም ከቫልቮቹም በላይ የተንጣለለ በመሆኑ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ ዳር እስኪደርስ ይዘገያል፤ በመጨረሻ የቀረው ድብልቅም በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። ስለዚህ የጭመቃውን መጠን ከፍ ማድረግ አይቻልም ነበር።

ሪካርዶ በ1919 ያስመዘገቡት መፍትሔ ቀላል ነው። ቴስታውን ከፒስቶኑ በላይ ዝቅ አድርገው፣ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው አቀረቡት፤ የመቃጠያውንም ክፍል ወደ ቫልቮቹ ሰበሰቡት። ፒስቶኑ ሲወጣ ድብልቁ ወደ ክፍሉ በኃይል ተገፍቶ ይናወጣል፤ መናወጡም ቃጠሎውን ያፋጥነዋል። በቀጭኑ ክፍተት የቀረው ድብልቅ ደግሞ በሁለት ብረቶች መካከል ስለሚቀዘቅዝ አያንኳኳም።

ለናፍጣ ሞተር ግን ተቃራኒውን መንገድ መረጡ። በ1931 ኮሜት በተባለው ንድፋቸው፣ አየሩ የሚሽከረከርበትን ትንሽ ክፍል በቴስታው ውስጥ አበጁ፤ የታችኛውንም ግማሽ ሙቀት ከሚችል ብረት ለብቻው ሠርተው በአካባቢው ክፍተት በመተው እንዲግል አደረጉ፤ ናፍጣው ቶሎ እንዲቀጣጠል ነው። ሪካርዶ በ1948 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው በ1974 በ89 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚያ ወዲህ የብረት ቴስታ በብዙ ሞተሮች ለአሉሚኒየም ቦታውን ለቋል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ሲሞቅ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ከመጠን በላይ የጋለ ቴስታ ይጣመማል። የተጣመመውን ቴስታ ፊት በማሽን ስናስተካክል ክፍሉን እናጠባለን፤ ጭመቃውንም እንጨምራለን። ስለሆነም ሳንለካ የምንልጠው እያንዳንዱ ሚሊሜትር፣ ሪካርዶ ያስወገዱትን ማንኳኳት መልሶ ሊያመጣው ይችላል።