ማሊክ አምባር፦ ደካንን የገዛው ሐበሻ የማን ልጅ ነበር?

ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ — በኬንያ ዋና ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በዚህ ሰፈር የዘር ሐረግ መቁጠር ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ሶማሌው የአባቶቹን ስም ከራሱ ጀምሮ እስከ ጎሳው መነሻ ድረስ በቃሉ ይወጣዋል። ኢትዮጵያዊው ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ቅድመ አያቶቹ በቅኝ ግዛት ዘመን ከጉጃራት ወይም ከፑንጃብ ባሕር ተሻግረው የመጡ ኬንያዊም የመጡበትን መንደር ስም ለልጆቹ ያወርሳል።

በቅርብ ዓመታት በቃል ከሚወርደው ሐረግ ጎን ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ምራቅን በትንሽ ብልቃጥ አጠራቅሞ ወደ ባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ መላክ፣ ከሳምንታት በኋላም የዘር ምንጭን በመቶኛ ተሰልቶ መቀበል ተችሏል። ቅድመ አያቶቻቸው ተሸጠው፣ ስማቸውና ቋንቋቸው ለጠፋባቸው ሰዎች የዘረ መል ወይም የዲኤንኤ ምርመራ ትልቅ ተስፋ ነው።

ይህ ተስፋ እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚቆም ለመረዳት ከ400 ዓመታት በፊት የሞተ የአንድ ሰው ሕይወት ይጠቅማል። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሸጦ የወጣው ይህ ሰው በህንድ ደካን አምባ ጦር መርቷል፣ ከተማ ቆርቁሯል፣ ንጉሥ አንግሧል። ታሪክ ማሊክ አምባር ብሎ ያውቀዋል። የማን ልጅ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ቻፑ የሚባል ልጅ

የተወለደው እ.አ.አ በ1548 ገደማ እንደሆነ ይታመናል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቻፑ እንደነበር ይነገራል። ወቅቱ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ማግስት ነበር። አገሩ በጦርነትና በሕዝብ ፍልሰት ተናውጦ፣ ምርኮኞች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል በብዛት ይሸጡ ነበር።

ቻፑ እንዴት ለባርነት እንደተዳረገ የሚተርኩ ሰዎች አይስማሙም። ገሚሶቹ በጦርነት ተማርኮ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ችግር የጠናባቸው ወላጆቹ እንደሸጡት ያወሳሉ። በየመን የሞካ ወደብ ለገበያ መቅረቡ፣ ከዚያም በባግዳድ ሚር ቃሲም በተባለ ነጋዴ እጅ መግባቱ ግን ይነገራል። ይህ ጌታው ማንበብ፣ መጻፍና የሒሳብ አያያዝ አስተማረው። ልጁ እስልምናን ተቀበለ፤ አዲስ ስምም ወጣለት።

ለአማርኛ ተናጋሪ አምባር የእጅ ጌጥ ነው። የእሱ ስም ግን ከዓረብኛው ዐንበር የመጣ ሲሆን፣ ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚገኘውን ውድ መዓዛ ያመለክታል። በዚያ ዘመን ባሪያዎችን በሽቶና በከበረ ድንጋይ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ማሊክ የሚለው ደግሞ ኋላ ያገኘው ማዕረግ ነው። እንግዲህ ታሪክ ከሚያውቃቸው ሁለት ስሞቹ አንዱ የጌታው ስጦታ፣ ሌላው የሹመት ነው። በአገራችን ልማድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚገባው የአባት ስም የለበትም።

ከባሪያ ወደ ንጉሥ አንጋሽ

በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምባር ወደ ህንድ ተወስዶ ለአሕመድናጋር ሱልጣኔት ጠቅላይ ሚኒስትር ለቼንጊዝ ኻን ተሸጠ። የሚገርመው ገዢው ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ መሆኑ ነው። በደካን ሱልጣኔቶች ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ወታደሮች ሐብሺ ይባላሉ፤ በውጊያና በታማኝነታቸው ስለሚፈለጉም እስከ ከፍተኛ ሹመት ይደርሱ ነበር። አምባር የመንግሥት አስተዳደርን የተማረው በዚህ ሰው ቤት ነው።

ቼንጊዝ ኻን ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ። ለሃያ ዓመት ያህል በቅጥር ወታደርነት ሠራ፤ በጎረቤቱ ቢጃፑር ሱልጣን ዘንድ ሲያገለግልም የማሊክነት ማዕረግ አገኘ። በ1595 ገደማ 150 ፈረሰኞቹን ይዞ ወደ አሕመድናጋር ተመለሰ።

ከሰሜን የሚወርደው የሙጋል ጦር በ1600 የአሕመድናጋርን ምሽግ ያዘ። ሱልጣኔቱ አበቃለት ሲባል አምባር ከገዢው ቤተሰብ አንድ ወጣት ፈልጎ ሙርታዛ ዳግማዊ ብሎ አነገሠው። ሴት ልጁን ዳረለት፤ ራሱም እንደራሴ ሆነ። ይህ አማችነት እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ በ1610 በቤተ መንግሥት በተነሣ ጠብ ወጣቱን ሱልጣን ያስገደለው አምባር እንደሆነ ይነገራል። የአምባር ሕይወት የጀግና ተረት ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ታሪክም ነው።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ደካንን የጎበኘው እንግሊዛዊ ነጋዴ ዊልያም ፊንች የአምባርን ሠራዊት 10,000 ሐበሾችና 40,000 የአገሬው ተወላጆች አድርጎ መዝግቧል። ቁጥሩ ግምት ቢሆንም የኃይሉን መጠን ያሳያል። አምባር የሙጋልን ከባድ ጦር ሜዳ ላይ ከመግጠም ይልቅ በፈጣን የማራታ ፈረሰኞች ስንቁን እየቆረጠ፣ በሌሊት እያጠቃ ያደክመው ነበር። በ1624 በባትቫዲ ጦርነት የሙጋልንና የቢጃፑርን ጥምር ጦር ድል ነሳ።

ንጉሠ ነገሥት ጀሃንጊር ሊይዘው ያልቻለውን ጠላቱን በሥዕል ለመግደል ሞከረ። በ1616 ገደማ ሠዓሊው አቡል ሐሰን የሠራው ሥዕል ጀሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሞ በጦር ጫፍ የተሰካውን የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ ያሳያል። ሥዕሉ ዛሬ በደብሊን ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አምባር ግን በ1626 ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ሳይማረክ ሞተ።

ከተማውና ውሃው

በ1610 አምባር ኻድኪ በተባለ መንደር ላይ አዲስ መዲና ቆረቆረ። ከተማዋ ደረቅ ስፍራ ላይ በመሆኗ የከርሰ ምድር ውሃን በመሬት ውስጥ ቦይ እየሳበ የሚያመጣ መስመር አሠራ። የመሬት ግብርንም ከእርሻው ለምነት ጋር እንዲመዛዘን አድርጎ እንዳሻሻለው ይነገርለታል።

ከተማዋ ኋላ በሙጋሉ ገዢ ስም አውራንጋባድ ተባለች። በ2023 ደግሞ ስሟ በይፋ ተለውጦ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል። ሳምባጂ የማራታው ንጉሥ የሺቫጂ ልጅ ነው፤ የሺቫጂ አባት ሻሃጂ ደግሞ በወጣትነቱ በአምባር ሥር ያገለገለ የጦር መሪ ነበር። ከተማዋ የቆርቋሪዋን ሳይሆን የአንድ አዛዡን የልጅ ልጅ ስም ይዛለች ማለት ነው።

ዘረ መል ምን ሊል ይችላል?

በህንድና በፓኪስታን ዛሬ ሲዲ የሚባሉ አፍሪካዊ የዘር ምንጭ ያላቸው ማኅበረሰቦች ይኖራሉ። ኢትዮጵያውያን የአምባርን ስም ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት የእነዚህን ሰዎች ፊት ነው፤ ወገኖቻችን ናቸው የሚል ስሜትም አለ።

በ2011 የህንድ ተመራማሪዎች የጉጃራትና የካርናታካ ሲዲዎችን ዘረ መል መርምረው ያገኙት መልስ ግን ለዚህ ስሜት የተለየ ነበር። የሲዲዎቹ አፍሪካዊ ምንጭ በዋነኛነት የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆኑ ሕዝቦች የሚመዘዝ ሆኖ ተገኘ። ከህንድ ጎረቤቶቻቸው ጋር የተቀላቀሉትም በአብዛኛው ባለፉት 200 ዓመታት ወይም ስምንት ትውልዶች ውስጥ እንደሆነ ጥናቱ ገምቷል። ስለዚህ የብዙዎቹ ሥር ከሐረር ወይም ከሸዋ ይልቅ ከሞዛምቢክ እስከ ኬንያ ከተዘረጋው ጠረፍና ከጀርባው ካለው አገር ጋር ይቀራረባል። ከአምባር ዘመን በኋላ በፖርቱጋሎችና በሌሎች ነጋዴዎች የተወሰዱ ሰዎች ታሪክ ነው።

የኢትዮጵያ ዘረ መል ከዚህ ይለያል። በ2012 የታተመ ጥናት ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ዘረ መል ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚቀራረብና መቀላቀሉም የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ እንደተከሰተ አመልክቷል። በመሆኑም ምርመራው ከደጋማው ኢትዮጵያ የሄደን ሰው ከሞዛምቢክ ከሄደው ለመለየት አያዳግተውም።

ታዲያ የአምባር ዘሮች የት ሄዱ? በደካን የነበሩት ሐብሺ መኳንንት ከአገሬው ጋር ተጋብተው ከሕዝቡ ጋር ተዋሕደዋል። ልጁ ፋቴ ኻን በ1633 ዳውላታባድን ለሙጋሎች አስረከበ፤ ሱልጣኔቱም በ1636 ፈጽሞ አከተመ። የአምባር ደም ያለበት ሰው ዛሬ በዚያች ከተማ ገበያ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ ግን ላያውቅ ይችላል።

ከሰባት ቤት ወዲያ

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሰባት ቤት ወደ ኋላ ስንቆጥር 128 የወላጅ ቦታዎች እናገኛለን። አንድን ትውልድ በ30 ዓመት ብናሰላ ከአምባር ልደት እስከ ዛሬ 16 ትውልድ ያህል አልፏል፤ በዚያ ደረጃ ያሉት ቦታዎች 65,536 ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከወላጆቹ ዘረ መል ግማሽ ግማሹን ብቻ ስለሚወርስ፣ ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ከብዙዎቹ ምንም ቅንጣት ላይደርሰው ይችላል። የአንድ ሰው ትክክለኛ ዘር መሆንና የእሱን ዘረ መል መያዝ አንድ አይደሉም።

ሳይበጠሱ የሚወርዱ ሁለት ክሮች አሉ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይሄዳል፤ የሚቶኮንድሪያ ዘረ መል ከእናት ብቻ ይወረሳል። የአምባርን የአባት ክር ለማግኘት ከፋቴ ኻን ጀምሮ በወንድ ብቻ የወረደ፣ ይህንንም በሰነድ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። የእናቱ ክር ግን ከሱ ጋር ይቆማል፤ ወንድ ለልጆቹ አያስተላልፈውምና። እናቱን ለማወቅ የሚያስችለው የራሱ አፅም ወይም የእህቶቹ ዘር ብቻ ነው።

ክሩ ቢገኝ እንኳ የሚነጻጸርበት ሕዝብ መኖር አለበት። ዓለም አቀፉ ሃፕማፕ የተሰኘው ፕሮጀክት ከኬንያ የዌቡዬ ሉህያዎችንና የኪንያዋ ማሳዮችን አካትቷል፤ ከኢትዮጵያ ግን ማንንም አላካተተም። ከዚያ ወዲህ ክፍተቱ እየጠበበ ቢመጣም በማመሳከሪያው ውስጥ የሌለ ሕዝብ በውጤቱ ላይ በስሙ ሊወጣ አይችልም። ምራቁን የሚልክ ሰው የሚሰጠውም ምራቅ ብቻ አይደለም፤ የዘመዶቹንም ምሥጢር ነው። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ አፈትልኳል፤ ኩባንያው በ2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

የተበጠሰው ሐረግ

አምባርን አንዳንዶች የሐረር፣ አንዳንዶች የከምባታ፣ ሌሎች ደግሞ የኦሮሞ ተወላጅ ያደርጉታል። የዘር ጉዳይ ሰውን ከሰው በሚያጋጭበት በዛሬው ዘመን ይህ ክርክር የታሪክ ብቻ አይደለም። የዘረ መል ምርመራ ይፈታዋል ብሎ መጠበቅ ግን ከባድ ነው። እነዚህ ሕዝቦች ለዘመናት ተጋብተዋል፤ ቋንቋም ከደም ጋር እኩል አይጓዝም። ምርመራው አካባቢን ሊጠቁም ይችላል፤ ብሔርን በማኅተም አያረጋግጥም።

ተመሳሳይ መበጠስ በኬንያም ደርሷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ጫኝ መርከቦች ካስጣላቸው ልጆች የተወሰኑት ወደ ምዕራብ ህንድ ተወስደው በናሲክ ሚሲዮን ተማሩ። በኋላ ወደ ሞምባሳ ሲመለሱ ቦምቤይ አፍሪካውያን ተባሉ፤ በ1875 አካባቢ በተመሠረተው ፍሬር ታውንም ሰፈሩ። የተወለዱበትን መንደር ሳይሆን የተማሩበትን አገር ስም ተሸከሙ። ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ዘሮች አንድ ግዛት ወይም አንድ ጠረፍ የሚጠቁም ውጤት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምንም ካለማወቅ ይሻላል።

የምርመራው ዋጋም ወሰኑም እዚህ ላይ ነው። የተሸጠው ልጅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ሊናገር ይችላል። ማን ብሎ ይጠራው እንደነበር፣ ማን እንዳለቀሰለት ግን በደም ውስጥ አልተጻፈም።

የማሊክ አምባር መቃብር ከአውራንጋባድ በስተሰሜን ምዕራብ በኹልዳባድ ይገኛል፤ ያሠራው በሕይወት ሳለ ራሱ ነው። የሚስቱ የቢቢ ካሪማ መቃብርም በአቅራቢያው ነው። ከሞተ በኋላ በሙጋል ቤተ መንግሥት የነበረ ታሪክ ጸሐፊ ሳይቀር በጦር መሪነትና በአስተዳደር አቻ እንዳልነበረው መስክሮለታል። ልጆቹ የአባታቸውን ስም ሲጠየቁ የሚመልሱት ነበራቸው። እሱ ስለ አባቱ ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልስ እንደነበር ግን የጻፈ የለም።