አቡ ሩሚ

አንዳንድ ተማሪ ሰነፍ ሳይሆን ጽሕፈቱን ይደብቃል። ፊደሉ ያላማረ፥ ቃሉም የተሳሳተ ይመስለዋል። ዛሬ የጻፈውን ነገ ይፍቀዋል፤ እስኪያምርለት ድረስም ለማንም አያሳይም። ዓመቱ ሲያልቅ በእጁ አንድ ገጽ እንኳ አይገኝም። እንዲህ ላለው ልጅ የአቡ ሩሚ ታሪክ ይጠቅመዋል።

አቡ ሩሚ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1750 ዓመት ገደማ በጎጃም ተወለደ። ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን አየ፤ እስከ ፋርስና እስከ ህንድ አገርም ደረሰ። ዕድሜው ኀምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በግብፅ አገር፥ በካይሮ ከተማ ሳለ በጽኑ ታመመ። በዚያም አስሌን ደ ሼርቪል የሚባል የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል አስታመመው፤ እርሱም ዳነ።

በዚያ ዘመን የመጻሕፍት ቋንቋ ግእዝ ነበረ። አማርኛ ሕዝቡ የሚነጋገርበት እንጂ እምብዛም የሚጻፍበት አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ግን መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ለመመለስ ተነሡ። ሥራው እጅግ ታላቅ ስለ ሆነ በቀን ከፋፈሉት። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ለእንግዳ ሁሉ ዘግተው ይቀመጡ ነበረ። የዓረብኛውን መጽሐፍ ቀስ ብለው አብረው ያነብቡ ነበረ፤ ቃሉ ሲከብዳቸውም የዕብራይስጡን፥ የሱርስቱንና የጽርዑን መጽሐፍ ይመለከቱ ነበረ። ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፈዋል። አልቸኰሉም፤ ነገር ግን ቀናቸውን ጠብቀው ይሠሩ ነበረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ዐሥር ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ አቡ ሩሚ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ ወደ ካይሮም ተመልሶ በወረርሽኝ በሽታ ሞተ። መጽሐፉ ሲታተም አላየም። ጽሕፈቱ ግን በሰው እጅ ነበረና በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል እንግሊዛዊ ገዛው። በ1824 አራቱ ወንጌላት፥ በ1829 ሐዲስ ኪዳን፥ በ1840 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በአማርኛ ታተመ።

ስሕተት አልነበረበትምን? ነበረበት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች አረሙት፤ አሻሻሉትም። ነገር ግን ያልተጻፈ ገጽ አይታረምም። አቡ ሩሚ እንከን የሌለበት ቃል እስኪያገኝ ድረስ ብዕሩን ይዞ ቢጠብቅ ኖሮ፥ ሞት ባዶ ወረቀት እንደ ያዘ ባገኘው ነበረ።

ልጆች ሆይ፥ ከግራና ወደ መርሳ የሚሄድ ሰው መንገዱ እስኪያጥርለት አይጠብቅም፤ እርምጃውን ይጀምራል እንጂ። እናንተም ከሳምንቱ ሁለት ቀን ለጽሕፈት ለዩ። የሚቻላችሁን ያህል ተጠንቅቃችሁ ጻፉ፤ ሲመሽ ግን ጽሕፈታችሁን ለመምህራችሁ ወይም ለባልንጀራችሁ አሳዩ። ስሕተታችሁን የሚነግራችሁ ሰው ያስተምራችኋል እንጂ አያዋርዳችሁም። የዛሬውን ስሕተት ነገ ታርሙታላችሁ፤ የተደበቀ ጽሕፈት ግን ለጻፈውም ለሌላውም አይጠቅምም።